ሩቁን ጥርት አድርጎ ለማንሳት

የዱር እንስሳትንና ሩጫን የሚያነሱ ሰዎች ስለ ቴሌፎቶ ሌንስ ሲጠየቁ መልሳቸው የሚጀምረው ከሌንሱ አይደለም። ከአየሩ፣ ከሰዓቱና ከክንዳቸው ነው።

ከጎባ ተነስቶ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ ሰነቴ አምባ ላይ ሲወጣ ዛፍ የሚባል ነገር ያበቃል። ከባሕር ጠለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ላይ በተዘረጋው ሜዳ ቀጥ ብሎ የሚታይ ነገር ቢኖር ጅባራ ነው፤ ሌላው ሣር፣ ድንጋይ፣ ውርጭና የፍልፈል ጉድጓድ ነው። በጎብኚ ወቅት ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሞላ መንገዱ ዳር የቆሙ መኪኖች ይታያሉ። መስኮታቸው እስከ ግማሽ ወርዷል፤ በመስኮቱ ወፍራም ነጭ ሌንስ ብቅ ብሏል። ሃምሳ ስድሳ ሜትር ራቅ ብሎ አንድ ቀይ ቀበሮ የፍልፈል ጉድጓድ ፊት ጆሮውን ቀስሮ ቆሟል። ካሜራው ይንጣጣል። ቀበሮው ይዘላል፣ አፈር ይበተናል፣ ከዚያ ፍልፈሉን በአፉ አንጠልጥሎ ይሄዳል።

ከመኪናው ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት በደረቱ ተኝቷል። ሌንሱ አክስቱ ከአሜሪካ በሻንጣቸው ያመጡለት ያገለገለ ዙም ነው። ትራይፖድ የለውም፤ ሌንሱን ያስደገፈው ገብስ በሞላ ትንሽ ከረጢት ላይ ነው። ዋጋው ከመኪናው መስኮት ብቅ ያለው ሌንስ ዋጋ አንድ አሥረኛ ቢሆን ነው።

ማታ ፎቶዎቹ በላፕቶፕ ሲከፈቱ የማን ጥርት ብሎ እንደሚወጣ መገመት ቀላል ይመስላል። አካባቢውን የሚያውቁ አስጎብኚዎች ግን አይወራረዱም። የመኪና ዋጋ የሚያወጣ ሌንስ የያዘ እንግዳ ጠዋቱን ሙሉ ሲያነሳ ቆይቶ፣ የቀበሮው ዓይን የደበዘዘበት መቶ ፎቶ ታቅፎ ሲመለስ ደጋግመው አይተዋል። እንግዳው ሌንሱን ይጠረጥራል፣ ካሜራውን ይጠረጥራል። ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ የመኪናው ማሞቂያ ነው።

በሌንሱና በእንስሳው መካከል

ከመኪናው የሚወጣው ሞቃት አየር መስኮቱ ላይ ከውርጩ ጋር ይገናኛል። ሙቀቱ የተለያየ አየር ብርሃንን እኩል አያሳልፍም፤ አንዱ ትንሽ ወዲህ፣ ሌላው ትንሽ ወዲያ ያጥፈዋል። ከጋለ ምጣድ ጀርባ ያለው ግድግዳ ሲርገበገብ የሚታየው በዚሁ ምክንያት ነው። 600 ሚሊሜትር ሌንስ በአግድም የሚያየው 3 ዲግሪ ተኩል የማይሞላ ጠባብ የዓለም ቁራጭ ስለሆነ፣ ዓይን ልብ የማይለው መርገብገብ እዚያ ውስጥ ጎልቶ ፀጉርን ከፀጉር የማይለይ ብዥታ ይሆናል።

የለመዱ አንሺዎች ስለዚህ ማሞቂያውን ብቻ ሳይሆን ሞተሩንም ያጠፋሉ። ሌንሱን ቀደም ብለው ከቦርሳ አውጥተው ብርዱን እስኪላመድ ይጠብቃሉ፤ መኪና ውስጥ የሞቀ ሌንስ ፊቱ ላይ ባለው መከለያ ውስጥ የራሱን ሞቃት አየር ይዞ ይቆያልና። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሰዓት ነው። ፀሐይ ከፍ ስትል መሬቱ ይሞቃል፣ ከላዩ ያለው አየር ግን ገና ቀዝቃዛ ነው፤ እንደ ሰነቴ ባለ ብርዳም ቦታ እንኳ ከረፋዱ ጀምሮ ሩቅ ያለ ነገር ሁሉ መዋኘት ይጀምራል። አዋሽ ፓርክ ሳላ ለማንሳት የወጣ ሰው ደግሞ ጊዜው ከዚያም ያጥርበታል። በቤተ ሙከራ አንደኛ የወጣ ሌንስ ይህን ችግር አይፈታም። መፍትሔው መቅረብ ነው፤ መካከል ላይ ያለው አየር ሲያንስ ብዥታውም ያንሳል።

› በጠዋቱ ብርድ የሚያነሳ መካከለኛ ሌንስ፣ በረፋዱ ሙቀት የሚያነሳውን ውድ ሌንስ ብዙ ጊዜ ይረታል።

«ስልኬ መቶ ያቀርባል»

ይህን የሚል ሰው አሁን ከቡና ቤት ጠረጴዛ አይጠፋም። ሳምሰንግ በ2020 እ.ኤ.አ. ጋላክሲ ኤስ20 አልትራን ሲያወጣ «100 ኤክስ ዙም» ብሎ አስተዋወቀው፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ የመከራከሪያ ርዕስ ሆኗል። ከመቶው ውስጥ በእውነተኛ መስተዋት የሚሠራው ጥቂቱ ነው። የቀረው ምስሉን ቆርጦ መለጠጥ ነው። በተለጠጠ ምስል ውስጥ ሌንሱ ያላየው ፀጉር አይገኝም፤ የተገኘ ከመሰለም ፕሮግራሙ ገምቶ የሳለው ነው።

የካሜራ ሌንስ ስሌት ከዚህ ይለያል፣ ደግሞም ከሚፈራው በላይ ቀላል ነው። አዋቂ ቀይ ቀበሮ ከአፍንጫው እስከ ጭራው መነሻ አንድ ሜትር ገደማ ይረዝማል። በ50 ሜትር ርቀት ቆሞ በ600 ሚሊሜትር ሌንስ ሲነሳ ሴንሰሩ ላይ የሚያርፈው ምስሉ 12 ሚሊሜትር ነው። ሙሉ ፍሬም የሚባለው ሴንሰር አግድሙ 36 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ ቀበሮው የፎቶውን ስፋት አንድ ሦስተኛ ያዘ ማለት ነው። በ300 ሚሊሜትር ሌንስ አንድ ስድስተኛ ብቻ ይይዛል። በ600ው እያነሱ ቀበሮው ወደ 100 ሜትር ቢርቅም ውጤቱ ያው አንድ ስድስተኛ ነው።

በዚህ ጉዳይ ርካሹ ካሜራ ውዱን የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ኤፒኤስ-ሲ የተባለው አነስተኛ ሴንሰር አግድሙ 24 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ ያው 12 ሚሊሜትር ቀበሮ እዚያ ላይ የፎቶውን ግማሽ ይሞላል። ወፍ የሚያነሱ ሰዎች አቅማቸው እያለ ትንሹን ሴንሰር የሚይዙት ለዚህ ነው። ሲመሽ ግን ዋጋውን ይከፍሉበታል፤ ትንሽ ሴንሰር በደብዛዛ ብርሃን ቶሎ ይንጫጫል፣ ፎቶው በነጠብጣብ ይሞላል።

95 ወይስ 150?

ሱቅ ውስጥ ሁለት ባለ 600 ሚሊሜትር ሌንሶች ጎን ለጎን ቢቀመጡ ገዢውን የሚያስደነግጠው የዋጋቸው ልዩነት ነው። አንዱ በሁለት ሺህ ዶላር ወይም ከዚያ ባነሰ ይገኛል፤ ሌላው ከ12,000 ዶላር ያልፋል። ሁለቱም የሚያቀርቡት እኩል ነው። ልዩነቱን ለማየት ከፊት ማየት ይበቃል።

አፐርቸር የሚባለው ቁጥር የሌንሱን ርዝመት ለብርሃን መግቢያው ስፋት አካፍሎ የሚገኝ ነው። 600 ሚሊሜትር ሌንስ ኤፍ 4 እንዲሆን መግቢያው 150 ሚሊሜትር መስፋት አለበት። ኤፍ 6.3 ሲሆን 95 ሚሊሜትር ይበቃዋል፤ የሲግማ ከ150–600 ኮንቴምፖራሪ፣ የሶኒ ከ200–600 እና የኒኮን ከ180–600 ዙሞች ፊታቸው ላይ የሚገጠመው ፊልተር ሦስቱም 95 ሚሊሜትር የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። 150 ሚሊሜትር ስፋት ያለው፣ እንከን የሌለበት መስተዋት መሥራት ውድ ነው፤ መሸከሙም ሌላ ወጪ ነው። የዘመኑ ኤፍ 4 ሌንሶች ከብዙ ማቅለል በኋላ 3 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ።

ታዲያ ትርፉ ምንድን ነው? ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ብርሃን። የሰነቴ ማለዳ ላይ፣ ዝላዩን ለማስቆም በሰከንድ አንድ ሺህኛ የሚያነሳው ባለ ኤፍ 4 ሰው አይኤስኦ የሚባለውን የብርሃን ስሜት ቁጥር 1,600 ላይ ካደረገ፣ ባለ ኤፍ 6.3ቱ 4,000 ያስፈልገዋል። ከዐሥር ዓመት በፊት ይህ ልዩነት ፎቶውን ያበላሽ ነበር። አሁን ያሉት ሴንሰሮችና ጫጫታ የሚቀንሱ ፕሮግራሞች ክፍተቱን አጥብበውታል፤ ስለዚህ ለብዙ ሰው፣ በተለይ ሌንሱን ጀርባው ላይ አዝሎ ለሚራመድ ሰው፣ ባለ 95ቱ ዙም የተሻለ ምርጫ ነው ብሎ መናገር ድፍረት አይሆንም። ደን ውስጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከሰነቴ በስተደቡብ ባለው የሐረና ጫካ፣ ቀርከሃ ውስጥ የምትኖረውን የባሌ ጦጣ ለማንሳት የሄደ ሰው ሰፊውን መግቢያ አምርሮ ይመኛል።

ሌላ መንገድም አለ። ካኖን በ2020 ኤፍ 11 ብቻ የሆኑ የ600 እና የ800 ሚሊሜትር ሌንሶችን አወጣ። የ600ው ክብደት ከአንድ ኪሎ ያነሰ ነው። ባለሙያዎች መጀመሪያ ሳቁበት፤ ጠራራ ፀሐይ ላይ ወፍ የሚያነሱ ጡረተኞች ግን ወደዱት። ኒኮን በበኩሉ በ2018 ብርሃንን በቀለበት በቀለበት በተቀረጸ መስተዋት የሚያጥፍ የ500 ሚሊሜትር ኤፍ 5.6 ሌንስ ሠርቶ ክብደቱን ከአንድ ኪሎ ተኩል በታች አወረደው። ተራራ ለሚወጣ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ነጩ ቀለም ከየት መጣ

በቴሌቪዥን ኦሊምፒክ የሚመለከት ሰው የሜዳው ዳር በነጭ ሌንሶች መሞላቱን ሳያስተውል አይቀርም። ለማማር ይመስላል። መነሻው ግን ሙቀት ነው።

አንድ መስተዋት ቀይን፣ አረንጓዴንና ሰማያዊን በአንድ ቦታ አይሰበስብም፤ አንዱ ቀለም ትንሽ ቀድሞ፣ ሌላው ትንሽ ዘግይቶ ይገናኛል። በአጭር ሌንስ ብዙም አይታይም። በረጅሙ ግን ጨለማና ብርሃን በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ መስመር ሆኖ ይወጣል። ስሜን ወይም ባሌ ላይ ማጅራቱ ነጭ የሆነውን ወፍራም መንቁር ቁራ ከብሩህ ሰማይ ጋር ያነሳ ሰው ይህን መስመር ያውቀዋል፤ ጥቁሩ ክንፍ ዙሪያውን ሐምራዊ ይለብሳል፣ የላባው ዝርዝርም ከቀለሙ ጋር ይጠፋል።

ፍሎራይት የተባለው ማዕድን ይህን ችግር በእጅጉ ይቀንሳል። በ19ኛው መቶ ዘመን ማይክሮስኮፕ ሠሪዎች ይጠቀሙበት ነበር፤ ለካሜራ ሌንስ የሚበቃ ትልቅና ንጹሕ ድንጋይ ግን ከተፈጥሮ አይገኝም። ካኖን ክሪስታሉን በፋብሪካ ማሳደግ ከቻለ በኋላ በ1969 የ300 ሚሊሜትር ሌንስ ላይ አዋለው። ፍሎራይት ሲሞቅ ከተራ መስተዋት ይልቅ ይለጠጣል፤ ፀሐይ ላይ የሚውል ጥቁር ሌንስ ደግሞ ይግላል። ነጩ ቀለም ፀሐዩን እንዲመልስ ታስቦ የተቀባ ነው። ሌሎች ፋብሪካዎች ተቀራራቢ ሥራ የሚሠሩ ልዩ መስተዋቶችን ይጠቀማሉ፤ በሌንሱ ስም ላይ «ኢዲ» ወይም ተመሳሳይ ፊደል የሚጻፈው እነርሱን ለማመልከት ነው። ረጅም ሌንስ ሲገዛ እንዲህ ዓይነት መስተዋት መኖሩን ማረጋገጥ ከማንኛውም የማስታወቂያ ቃል ይበልጣል።

እጅ፣ ፍጥነትና ዓይን

በ1995 ካኖን የእጅን መንቀጥቀጥ የሚቀንስ የመጀመሪያውን የኤስኤልአር ሌንስ፣ የ75–300 ሚሊሜትር ዙም፣ ለገበያ አቀረበ። ዛሬ ይህ ማረጋጊያ የሌለው ረጅም ሌንስ ማግኘት ይከብዳል። ገዢዎችም አንድ ነገር ይሳሳታሉ፤ ማረጋጊያው የሚያስቆመው የአንሺውን እጅ እንጂ እንስሳውን አይደለም። የሚሮጥ ቀበሮ፣ የሚበር ንስር፣ የሚዘል ጭላዳ የሚቆመው በሹተር ፍጥነት ብቻ ነው። ለሩጫ በሰከንድ አንድ ሺህኛ፣ ለሚበር ወፍ ሁለት ሺህኛና ከዚያ በላይ የተለመደ መነሻ ነው።

ለዚህም ነው ካኖን በ1993 ያወጣው፣ ማረጋጊያ የሌለው የ400 ሚሊሜትር ኤፍ 5.6 ሌንስ ለዓመታት የሚበር ወፍ አንሺዎች ወዳጅ የነበረው። ቀላል ነው፣ ፎከሱ ፈጣን ነው፣ መስተዋቱም ጥሩ ነው። በሁለት ሺህኛ ለሚያነሳ ሰው ማረጋጊያው ብዙም አይናፍቀውም።

ፎከስ ሌላው የተደበቀ ጠላት ነው። በ15 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ወፍ በ600 ሚሊሜትር ኤፍ 4 ሲነሳ ጥርት ብሎ የሚወጣው ውፍረት ከስንዝር አይበልጥም። ዓይኑ ጥርት ካለ የሩቁ ክንፍ ይደበዝዛል። ፎከሱ ደረቱ ላይ ካረፈ ዓይኑ ይጠፋል፤ ዓይኑ የጠፋ እንስሳ ደግሞ ፎቶው ምንም ያህል ያማረ ቢሆን አይጣፍጥም። የድሮዎቹ ዲኤስኤልአር ካሜራዎች ፎከሱን የሚለኩት ከሴንሰሩ ውጪ በሌላ መሣሪያ ስለነበር፣ ሌንሱና ካሜራው ሳይስማሙ ቀርተው ሁልጊዜ ትንሽ ወደፊት ወይም ወደኋላ የሚስቱበት ጊዜ ነበር። ብዙ ሰው «ይህ ሌንስ አይረባም» ብሎ የሸጠው ጤነኛ ሌንስ በዚህ የተነሳ ነው። የአሁኖቹ ሚረርለስ ካሜራዎች የሚለኩት ሴንሰሩ ራሱ ላይ በመሆኑ ይህ ጣጣ አብቅቷል። ሶኒ በ2019 የእንስሳን ዓይን ለይቶ የሚከተል ፎከስ አመጣ፤ ካኖንና ኒኮንም ተከተሉ። አሁን ካሜራው ዓይኑን ራሱ ፈልጎ ይይዛል። ሣሩ ረጅም ሲሆን ግን አሁንም ሣሩን ይይዛል፤ የሚቆጣጠረው ሰው አላስፈለገም ማለት አይደለም።

› ማረጋጊያው የሚያስቆመው የአንሺውን እጅ ነው፤ ቀበሮውን የሚያስቆመው ሹተሩ ነው።

ዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ

በሲድኒ ኦሊምፒክ፣ በ2000፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ10,000 ሜትር ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነበር። ይህን ቁጥር አንድ የስፖርት አንሺ ሲሰማው ወዲያው ሌላ ስሌት ይሠራል። በጊዜው የነበሩት ፈጣኖቹ የፊልም ካሜራዎች በሰከንድ 10 ያህል ፎቶ ያነሱ ነበር፤ በአንዱ ፎቶና በሚቀጥለው መካከል 0.1 ሰከንድ አለ። የኃይሌ ደረት መስመሩን ከነካበት እስከ ቴርጋት ድረስ ያለው ጊዜ ከዚያ ክፍተት ያነሰ ነው። ዕድል ያልቀናው ካሜራ ሁለቱን ከመስመሩ በፊትና በኋላ ይዞ ዋናዋን ቅጽበት ይዘላል። የዛሬዎቹ በሰከንድ 30 ፎቶ የሚያነሱ ካሜራዎች በዚያው ጊዜ ውስጥ ሁለት ሦስት ያስገባሉ።

የስፖርት ሌንስ ምርጫ ከዱር እንስሳ የሚለየው እዚህ ነው። ርቀቱ ይታወቃል፤ ሯጩ በየት እንደሚመጣ ይታወቃል። በ2001 የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ኅዳር ላይ መስቀል አደባባይን ሲሞላ፣ መጨረሻው መስመር አካባቢ በብዛት የሚታየው ከ70–200 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8 ዙም ነው። 600 ሚሊሜትር እዚያ አስቸጋሪ ነው፤ አሸናፊው እጁን ሲዘረጋ ጣቶቹ ከፎቶው ይወጣሉ። ቀዳሚዎቹ ወንዶች በሰከንድ ወደ 6 ሜትር እየቀረቡ ነው የሚመጡት፤ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ሙሉ ቁመት የነበረው ሰው ፊት ብቻ ይሆናል። ዙም ያልሆነ ሌንስ የያዘ ሰው ያኔ ወደኋላ መሮጥ አይችልም፣ ከኋላው ሌላ አንሺ አለና።

የመነሻው ፎቶ ሌላ ነው። አደባባዩን የሞላው አንድ ዓይነት ከናቴራ የለበሰ ሕዝብ ተደራርቦ፣ ራስ በራስ ላይ ሆኖ የሚታይበት የታወቀው ፎቶ በረጅም ሌንስ ከሩቅ የሚነሳ ነው። ብዙ ሰው ሌንሱ ሕዝቡን ያጨናነቀው ይመስለዋል። ያጨናነቀው ርቀቱ ነው፤ ከዚያው ቦታ በአጭር ሌንስ ተነስቶ መሐሉ ቢቆረጥ ጭንቅንቁ ያው ነው።

የማታ ኳስ በመብራት ሲሆን ደግሞ 400 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8 የሚባለው ከባዱ ሌንስ ንጉሥ ሆኖ ቆይቷል። ጋዜጠኞች የሚይዙት ብዙ ጊዜ የራሳቸው አይደለም፤ የመሥሪያ ቤት ነው ወይም የተከራዩት ነው። በዓመት ለሁለት ጨዋታ እንዲህ ያለ ሌንስ ገዝቶ ማስቀመጥ ገንዘብን መቅበር ነው።

እንስሳው ምን ያህል ያስጠጋል?

ስሜን ተራሮች ላይ ጭላዳዎች ሣር እየነጩ ተቀምጠው ሰው በጥቂት ሜትር ርቀት ቢያልፍ ቀና ብለው አያዩም። እዚያ 600 ሚሊሜትር ይዞ የወጣ ሰው የሚያገኘው ግማሽ ፊት ነው። 200 ሚሊሜትር ይበቃል፤ የወንዱን ጋማ ከኋላ ብርሃን ጋር ለማንሳት ከዚያም ያነሰ ሊሻል ይችላል። ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ያሉት አባ ኮዳዎችማ ሌንስ ሊነጥቁ የሚቃጣቸው ይመስላሉ። ዲንሾ አጠገብ ጋይሳይ ሜዳ ላይ የደጋ አጋዘን በጠዋት 300 ሚሊሜትር ላለው ሰው ይበቃል። ሰነቴ ላይ ቀይ ቀበሮው፣ ሐይቅ ላይ የዓሣ ንስሩ ግን የማያወላዳ ርዝመት ይጠይቃሉ።

ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡ አዋቂዎች ብቻ የቀሩት፣ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጪ የማይገኝ እንስሳ ነው። የፓርኩ ስካውቶች እንግዳው ከመንገድ ወጥቶ እንዳያሳድደው ደጋግመው የሚያሳስቡት ለዚህ ነው። ረጅም ሌንስ ዋናው ጥቅሙ ምናልባት እዚህ ላይ ነው፤ እንስሳው የሚሠራውን ሳያቋርጥ እንዲነሳ ያደርጋል። በ2024 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ከቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ጋር ሆነው ባሌ ላይ ያዩትን ኢኮሎጂ በተባለው መጽሔት ሲያወጡ ዓለም ተገረመ። ቀበሮዎቹ በረጅም ዘንግ ላይ የሚያብበውን ቀይና ቢጫ የደጋ አበባ ማር ይልሳሉ፤ አንዳንዱ በአንድ ዙር እስከ 30 አበባ ይጎበኛል። አፍንጫቸው ላይ የተለጠፈው ቢጫ የአበባ ዱቄት በፎቶዎቹ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሥጋ በል እንስሳ አበባ ሊያዳቅል ይችላል የሚለው ሐሳብ በዓለም ዙሪያ የተሰራጨው እነዚያን ፎቶዎች ይዞ ነው።

ርዝመት ያነሰው ሰው በሌንሱና በካሜራው መካከል ገብቶ ርዝመቱን የሚያበዛ ኮንቨርተር ይገዛል። ባለ 1.4 የሆነው ብርሃኑን በግማሽ፣ ባለ 2 የሆነው ወደ ሩብ ይቀንሳል፤ የመስተዋቱን ጉድለትም አብሮ ያጎላል። ኤፍ 4 ወይም ኤፍ 2.8 የሆነ ጠንካራ ሌንስ ላይ ባለ 1.4ቱ ይሠራል። ኤፍ 6.3 የሆነ ዙም ላይ ባለ 2 መግጠም ግን በአብዛኛው ብር ማባከን ነው።

ያገለገለ ሌንስ በጠረጴዛ ላይ

እዚህ አገር አዲስ ቴሌፎቶ ከፋብሪካው ወኪል የሚገዛ ሰው ጥቂት ነው። ሌንሱ ከዱባይ በነጋዴ ሻንጣ፣ ከአሜሪካና ከአውሮፓ በዘመድ እጅ ይመጣል፤ ወይም አንድ አንሺ ሥራ ሲቀይር ይሸጠዋል። ዋስትና ስለሌለው ምርመራው ሱቁ ውስጥ ማለቅ አለበት።

መጀመሪያ የስልክ መብራት ከኋላ በኩል ይበራበትና ከፊት ይታያል። እንደ ክር የተዘረጋ ነጭ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ቦርሳ ውስጥ ተዘግቶ የከረመ ሌንስ ላይ የተለመደ ነው። አቧራ ግን አያስፈራም። ፊቱ ላይ ያለ ትንሽ ጭረትም ፎቶው ላይ አይታይም ማለት ይቻላል፤ ወደ ካሜራው በኩል ያለው መስተዋት ከተጫረ ግን ዋጋው ተቀንሶም አይገዛም።

ቀጥሎ ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ሌንሱ በጣም ረጅሙ ላይ ሆኖ፣ መግቢያው ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ፣ ካሜራው ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ ይነሳል። አራቱ ጥጎች ጎልተው ሲታዩ ፊደሎቹ እኩል መነበብ አለባቸው። ሦስቱ ተነብበው አንዱ ከደበዘዘ አንዱ መስተዋት ከቦታው ተዛብቷል፣ ሌንሱ ወድቆ ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ ሌንስራንታልስ የተባለውን ድርጅት የመሠረተው ሮጀር ሲካላ የአንድን ሞዴል ብዙ ቅጂዎች በመሣሪያ እየለካ ለዓመታት ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ሌንሶች ጨርሶ አንድ አይሆኑም። ፋብሪካዎች የሚያትሟቸው የጥራት ሰንጠረዦች ደግሞ አንዳንዶቹ፣ የካኖን ጭምር፣ በኮምፒውተር የተሰሉ እንጂ ከመደርደሪያ ላይ የተነሳ ሌንስ ተለክቶ የተገኙ አይደሉም። ገዢው የሚገዛው ፊቱ ያለውን አንዱን ቅጂ ነው፤ ጋዜጣው የሚናገረውም ስለዚያ ስለ አንዱ ነው።

ሌንሱ ከካሜራው ጋር የሚገጠምበትን ማውንት ማየትም አይረሳም። የድሮ የካኖን ኢኤፍ ሌንስ በአዳፕተር አዲሱ አርኤፍ ካሜራ ላይ ያለ ችግር ይሠራል። የኒኮን ገዢ ግን ይጠንቀቅ፤ በራሳቸው ውስጥ ሞተር የሌላቸው የቆዩ ኤኤፍ-ዲ ሌንሶች ኤፍቲዜድ በተባለው አዳፕተር ዜድ ካሜራ ላይ ሲገጠሙ ፎከሳቸው በእጅ ብቻ ይሆናል። በእጅ ፎከስ የሚዘልን ቀበሮ መያዝ የሚችል ሰው አለ፤ በጣም ጥቂት ነው።

ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ ነጋዴው ብዙ ጊዜ «ለመስተዋቱ መከላከያ» ብሎ ርካሽ ፊልተር በስጦታ ይገጥማል። ያው ጋዜጣ አንድ ጊዜ በፊልተሩ፣ አንድ ጊዜ ያለ ፊልተሩ ይነሳ። በአጭር ሌንስ ላይ የማይታየው ልዩነት በ600 ሚሊሜትር ላይ በግልጽ ይታያል፤ ነገሩን የሚያውቁ ገዢዎች አመስግነው ፊልተሩን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ትተውት ይወጣሉ።